ዶክተር ሩትን ማን ይጠይቃት?

አስኮ ላይ የቡራዩ ታክሲ ስጠብቅ የምቆመው አንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ነው። ምሰሶው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ የሚከራይ ቤት፣ አስጠኚ፣ የሚሸጥ ቦታ። አንዱን ግን ዝናብም ፀሐይም አያነሳውም። «ኪንታሮት፣ አስም፣ ጨጓራ፣ ስንፈተ ወሲብ» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። አራቱ በሽታዎች በምን እንደተዛመዱ እንጃ። በቀን ቆሞ ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ምሽት ግን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ስልክ የሚያወራ መስሎ ምሰሶውን ሁለቴ ከዞረ በኋላ ፎቶ አንስቶት ሲሄድ አይቻለሁ። ፍላሹን ማጥፋት ረስቶ ነበር። ሰልፉ ሁሉ አየው፤ ሰልፉ ሁሉ ወዲያው ፊቱን አዞረ።

ሰበታም ሱሉልታም ያው ነው። ከተሞቹ አሁን ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለዋል። ሰበታ የቢራ ፋብሪካዋ አላት፣ ሱሉልታ ሯጮቿ አሏት፣ ቡራዩ የገፈርሳ ግድቧ አላት። «በትዳር አልጋ ላይ ስላለ ችግር የሚያማክር ሰው የት ይገኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ ያ ወረቀት ነው። ወይም የንስሐ አባት። ወይም የፋርማሲ ባንኮኒ፣ እሱም ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ተጠብቆ። ወይም ደግሞ እንደ እህቴ ያለች ነርስ።

እህቴ ሰበታ ውስጥ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው የምትሠራው። ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። (ቃሉ በትክክል የሚገባት ከእኔ አንፃር ብቻ ነው ብዬ ስቀልድ አትስቅም።) ይህን ጽሑፍ አንብባዋለች፤ ሁለት አንቀጽ አስወጥታኛለች። ምን እንደነበሩ አልነግራችሁም፤ ነገሩም ከዚያ ይጀምራል።

የኔ ዕድሜ ልጆች «ሴክስ ቴራፒስት» የሚባል ሙያ እንዳለ ያወቅነው «ሴክስ ኤጁኬሽን» ከሚባለው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ነው፤ ብዙዎቻችን ከቴሌግራም ቻናል አውርደን። ጂሊያን አንደርሰን የምትጫወታት ጂን ሚልበርን ቤቷን በብልት ቅርጻ ቅርጾች የሞላች፣ ልጇን ቁርስ ላይ ስለ ሰውነቱ የምትጠይቅ፣ ይባስ ብሎ የእሱን ጉዳይ ለመጽሐፏ ማስታወሻ የምትይዝ እናት ናት። ልጅየው ኦቲስ ደግሞ ከእናቱ ንግግር የተነሳ የራሱን ሰውነት መንካት የሚያስፈራው ጎረምሳ ነው። ቀልዱ ከዚህ ይመነጫል፤ ስለ ወሲብ መናገር ሥራዋ የሆነ ሰው ቤት ውስጥም መናገር ማቆም አትችልም። ተከታታዩን ወድጄዋለሁ፣ አራቱንም ሲዝን ጨርሻለሁ። ግን ቤታችን ውስጥ ካየሁት ነገር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እህቴ ከሥራ መጥታ ስለ ሥራዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም። ሙያው በአፍ የሚሠራ ይመስላል እንጂ በጆሮ የሚሠራ ነው። ጆሮ የገባው ደግሞ ገመና ስለሆነ አይወጣም።

ስለዚህ ነው «አስክ ዶክተር ሩት» የሚለውን ዘጋቢ ፊልም ሰበታ ሄጄ ከእህቴ ጋር ያየሁት። የራያን ዋይት ሥራ ነው፣ በ2019 የወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ባለታሪኳ ሩት ዌስትሃይመር በአሜሪካ በጣም የታወቀችው የወሲብ አማካሪ ናት፤ ፊልሙ ወደ ዘጠና ዓመቷ ስትጠጋ ይከተላታል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ40 ነው። በደንብ ለማየት መኪና ውስጥ ትራስ ላይ የምትቀመጥ ዓይነት አሮጊት ናት። እኔ «እሷ» እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ፊልሙ ያቀርባታልና፤ እህቴ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ «እሳቸው» ብላ እስከ መጨረሻው «እሳቸው» አለች።

ታሪኩን ባጭሩ። በ1928 ጀርመን ተወለደች፣ ከአይሁድ ቤተሰብ። በኅዳር 1938 የአይሁድ ቤትና ምኩራብ በተቃጠለ ሰሞን ናዚዎች አባቷን ወሰዱት። በጥር 1939፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷና አያቷ ወደ ስዊዘርላንድ በሚሄድ የሕፃናት ባቡር ላይ አሳፈሯት። ከዚያ በኋላ አላየቻቸውም። በ1941 ደብዳቤውም ቆመ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ያረፈችበት ማሳደጊያ ስደተኞቹን ልጃገረዶች ለአገሬው ልጆች ሠራተኛ አደረጋቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ መማር ለሴቶቹ አልተፈቀደም። አንድ ጓደኛዋ የሆነ ልጅ ቀን የተማረውን ማታ መጽሐፉን እያዋሰ ያስተምራት ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሁለቱ አርጅተው ይገናኛሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ካሜራው ዝም ብሎ መቀመጡ ከፊልሙ ምርጥ ውሳኔዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ፍልስጤም፣ በሃጋና ሠራዊት ውስጥ የአነጣጣሪ ተኳሽ ሥልጠና፣ ልክ ሃያ ዓመት በሞላት ቀን ሁለት እግሯን ያቆሰለ ፍንዳታ። ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ በ1956 ኒው ዮርክ። ሦስት ጋብቻ። «ዶክተር» የተባለችው በሕክምና አይደለም፤ በ1970 ከኮሎምቢያ መምህራን ኮሌጅ ባገኘችው የትምህርት ዶክትሬት ነው። ወደ ወሲብ ጉዳይ የገባችው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃርለም ውስጥ በቤተሰብ ምጣኔ ድርጅት ስትቀጠር ነው። እህቴ እዚህ ጋ ቀና አለች። «እኔ ነኛ» አለች። እውነቷን ነው። ዶክተር ሩትም የጀመረችው የእርግዝና መከላከያ ከሚሰጥበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ከወሲብ በቀር ወሬ የላቸውም ብላ ተገርማ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ግን ወሬው ጥሟት እንደቀረች ራሷ በየመድረኩ ተናግራዋለች። ከዚያም ሄለን ሲንገር ካፕላን ከምትባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ሥር ለዓመታት ሠለጠነች።

በ1980 ዋይኒ የሚባል የኒው ዮርክ ኤፍ ኤም ጣቢያ እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጣት። ማንም የማይፈልገው ሰዓት። ደብዳቤ እያነበበች ትመልስ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ፕሮግራሙ ረዘመ፣ ሰውም በቀጥታ ይደውል ጀመር። ፊልሙ ያንን ድምፅ መልሶ ሲያሰማን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ምክሩ ራሱ ያን ያህል የተለየ አይደለም። አብዛኛው «ይህ ጤናማ ነው፣ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ለሚስትህ ንገራት፣ ሐኪም ይይህ» ነው። ሰውን የያዘው ያ የጀርመን ቅላፄ ያለው የአያት ድምፅ የብልትን ስም ልክ እንደ «ጉልበት» ወይም «ክርን» ሳይደናቀፍ መጥራቱ ነው።

ይህ ዘፈቀደ አይደለም። በ1970ዎቹ ጃክ አነን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ የወሲብ ምክርን በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሰውየው የሚሰማውን እንዲሰማው፣ የሚጠይቀውን እንዲጠይቅ መፍቀድ። ሁለተኛው ትንሽ መረጃ፣ ሦስተኛው የተለየ ምክር፣ አራተኛው ረጅሙ ሕክምና። ከሚመጣው ሰው አብዛኛው አራተኛው ደረጃ አያስፈልገውም፤ ፈቃድና ትንሽ መረጃ ይበቃዋል። ይህን ለእህቴ ስነግራት «ስሙን አላውቀውም እንጂ ሥራውንስ አውቀዋለሁ» አለች። ሴቶች ወደ ክፍሏ ሲገቡ «ወገቤን ያመኛል» ብለው ነው። «ከሰውዬው ጋር አልተስማማንም»፣ «ቤት ውስጥ ሰላም የለም»፣ «እንትን»። በኦሮምኛም ዙሪያ ጥምጥሙ ያው ነው፤ ጥምጥሙ የሚሄድበት መንገድ ብቻ ይለያል። «መጀመሪያ የሚነግሩኝ ለመግቢያ ነው» አለች። «ዋናው የሚመጣው ተነስተው በሩን ሲይዙ ነው። ስለዚህ ሲነሱ አብሬ አልነሳም።» በሩን ሲይዙ አለመነሳት። የትኛውም ፊልም ላይ ያላየሁት የሙያ ዕውቀት ነው።

እዚህ ጋ የራሴን ኃጢአት ልናገር። ፊልሙን ከማየቴ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ሰዎች ስለ ወሲብና ስለ ሥነ ተዋልዶ ስማቸውን ሳይናገሩ የሚጠይቁበት የቴሌግራም ቦት ሠርቼ ነበር። ያንን የምሰሶ ወረቀት የምበልጠው መስሎኝ ነው። አገራችን ይህን በስልክ ሞክራው ታውቃለች፤ በኤችአይቪ ዘመን 952 የሚባለው «ወገን» ነፃ የስልክ መስመር ነበር፣ ሰው ፊቱን ሳያሳይ የሚጠይቅበት። ልዩነቱ እዚያ ስልኩን የሚያነሳ የሠለጠነ ሰው ነበር። እኔ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ፤ በኢንጂነሪንግ ዲግሪ።

ጥያቄዎቹ በጎን በኩል ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጎርፍ ሆኑ። አብዛኛውን ከታመኑ የጤና ገጾች ባዘጋጀሁት መልስ አስተናገድኩ። አንድ ሌሊት፣ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ሴት ጻፈች። ባለትዳር ናት፣ ሁሌም ያማታል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያማታል፣ ይህ የሁሉም ሴት ነው ወይስ የእሷ ብቻ? ብላ። መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። «ሐኪም ጋ ሂጂ» ማለት ብቻውን በር መዝጋት መሰለኝ፤ ከዚያ በላይ ለማለት ደግሞ ማን ነኝ? ቀናት አለፉ። የሆነ እሑድ ሰበታ ምሳ በልተን ስንጨርስ ስልኬን ለእህቴ ዘረጋሁላት፤ «ይህችን ምን ልበላት?»

ስልኩን አልተቀበለችኝም። «እንዳነበው ማን ፈቀደልህ?» አለች።

«ስም የለውም እኮ» አልኳት።

«ለአንተ ነው የጻፈችው። እኔን መች አወቀችኝ?»

ደግሞ ስም የለውም ያልኩት ውሸት ነበር። ቴሌግራም ለቦቱ ባለቤት የላኪውን መለያ ቁጥርና ያስመዘገበውን ስም ይሰጣል፤ እኔም በዳታቤዙ ውስጥ በልማድ አስቀምጬው ነበር፣ ሁሉም ሠንጠረዥ ላይ እንደማደርገው። ከሰው የተሰወረ ያልኩት ነገር ከእኔ የተሰወረ አልነበረም። ለእህቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ማያ ገጹን ሳታይ መልሱን በቃሏ ነገረችኝ፤ ሁሌ የሚያም ከሆነ መታየት አለበት፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የሚታከም ነው፣ ጥፋቷ አይደለም፣ ለመታየት ባሏን ይዛ መምጣት አይጠበቅባትም። አምስት መስመር። ላክሁት። ሲስተሙ 403 የሚል ስህተት መለሰልኝ፤ ተጠቃሚዋ ቦቱን አግዳዋለች። ዘጠኝ ቀን ዘግይቼ ነበር።

ዳታቤዙን በዚያው ምሽት አጠፋሁት። ባክአፕ አልነበረውም። በሥራ ዘመኔ ባክአፕ ባለመያዜ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ፊልሙን ያየሁት ይህን ተሸክሜ ነው፤ ስለዚህ ፍርዴ ገለልተኛ አይደለም። ዶክተር ሩት አየር ላይ የምትሠራው ማስተማር እንጂ ሕክምና እንዳልሆነ ደጋግማ ትናገር ነበር፤ በዚያ ድንበር ላይ ጥብቅ ናት። ሌላው ድንበሯ ግን የራሷ ቤት ነው። በሰማንያዎቹ «ሲክስቲ ሚኒትስ» የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቤቷ ድረስ መጥቶ ባለቤቷን ፍሬድን ስለ ሁለቱ የወሲብ ሕይወት ሲጠይቀው፣ የጫማ ሠሪ ልጆች ጫማ የላቸውም ብሎ መለሰ። ዝነኛ ቀልድ ነው። እህቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ሳቁ ካለፈ በኋላ ስለ መልሱ ሳስብ ቆየሁ። ሰውየው ሚስቱ የአገሩን ሁሉ አልጋ እያስተካከለች የራሷን በር እንድትዘጋ የረዳት በአንድ ቀልድ ነው። የጋዜጠኛዋ ጥያቄ ተመልሷል፤ ምንም ግን አልተነገረም። እንደዚያ ያለ ባል ስንቱ ያገኛል?

በነገራችን ላይ ሙያው ራሱ የጀመረው ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ዘመናዊውን የወሲብ ሕክምና በ1966ና በ1970 ባወጧቸው ሁለት መጻሕፍት የመሠረቱት ዊሊያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን በ1971 ተጋቡ፣ ሃያ ዓመት ያህል ኖረው ተፋቱ። ሕዝብ ፍቺውን እንደ ማስረጃ ሊያየው ይወዳል፤ «አየሃቸው፣ ለራሳቸው አልሆነላቸውም» ለማለት። የጥርስ ሐኪም ጥርሱን ቢታመም እንዲህ አንልም።

ፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን እዚህ ይጀምራል። ርዕሱ «ዶክተር ሩትን ጠይቋት» ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን እየጠየቀ ወዲያው ይተዋል። የልጅ ልጇ ፌሚኒስት ነሽ አይደለሽም እያለች ስትሞግታት አያትየው በፈገግታ ታመልጣለች፤ ካሜራውም አብሯት ያመልጣል። ሁለቱ ልጆቿ ይታያሉ፣ ግን ስለ እናታቸው ፍቅርና ጉልበት ነው የሚያወሩት። የዚህች ሴት ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት መሄድ፣ የጓደኛ እናት «ያቺ ሴትዮ እናትህ ናት?» ስትል፣ ምን እንደሚመስል የምንሰማው ከላይ ከላይ ነው። «ሴክስ ኤጁኬሽን» ይህንን በልብ ወለድ ስላደረገው ነው የተወደደው። ሁለቱ የመጀመሪያ ባሎቿ ደግሞ እንደ ባቡር ጣቢያ ስም ያልፋሉ። ልጅነቷን የሚተርኩት በሥዕል የተሠሩ ክፍሎች ያማሩ ናቸው፤ ሲበዙ ግን ሐዘኑን ያለሰልሱታል።

ይህን ለእህቴ ስላት አልተስማማችም። «ካልነገሩህ አልነገሩህም» አለች። «እሳቸው የሰው ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። የራሳቸውን መናገር የት ይለምዱታል?»

የእህቴን ገበያ ላውራላችሁ። ቅዳሜ አብሬያት ስወጣ ሁለት ዓይነት ሰላምታ አለ። አንዱ «ሲስተር!» ብሎ ከሩቅ እጅ የሚያወጣው ነው። ሌላው ከፊት ለፊት እየመጣ መንገድ የሚቀይረው ነው። የሚቀይሩት ጠልተዋት አይደለም፤ ስለሚያውቋት፣ ስለምታውቃቸው ነው። እሷም ቀድማ ዓይኗን ሽንኩርት ላይ ትጥላለች፤ «እኔ ካልቀደምኩ እነሱ ይሸማቀቃሉ» ትላለች። ዕድር ላይ ወሬ ሲደራ እሷ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ሐሜት ውስጥ መግባት አትችልማ፣ የምትናገረው ሁሉ «ከክፍሏ የሰማችው ነው» ይባላል። ስለዚህ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች፣ ስለ ዝናብ ታወራለች። ከተማዋ ውስጥ ከማንም በላይ ሰው የምታውቅ ሴት ከማንም ያነሰ የምታወራው ነገር አላት።

ቴራፒስቶች ባሉበት አገር ለዚህ መላ ተበጅቶለታል፣ ሱፐርቪዥን ይሉታል። አማካሪው በየጊዜው ልምድ ያለው ሌላ አማካሪ ጋ ሄዶ የሰማውን፣ የከበደውን፣ የተሳሳተበትን ያራግፋል፤ ያ ሰው ደግሞ የሙያውን ምስጢር አብሮ ይጠብቃል። እህቴን «ሱፐርቪዥን አለሽ?» ስላት «አዎ፣ በሩብ ዓመቱ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ስታስረዳኝ ከላይ ሰው መጥቶ መዝገቡ በትክክል መሞላቱን፣ መድኃኒቱ ጊዜው አለማለፉን፣ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ መለጠፉን በቼክሊስት የሚያይበት ነው። ቃሉ አንድ ነው። የሷን ጆሮ ባዶ የሚያደርግላት ሰው ግን በቼክሊስቱ ላይ የለም። የንስሐ አባት እንኳ የራሱ ንስሐ አባት አለው።

ዶክተር ሩት ወደ እኛ የመጣችበት አንድ ሥራ አለ፤ ከፊልሙ በላይ የነገረኝ እሱ ነው። ከስቲቨን ካፕላን ጋር፣ በቤተ እስራኤል ታሪክ ላይ ከሠራው ምሁር ጋር፣ ወደ እስራኤል ስለገቡት ኢትዮጵያውያን አይሁድ ቤተሰቦች መጽሐፍ ጽፋለች፤ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣ። ርዕሱን እንዲህ ብዬ ልመልሰው፤ «ከመዳን መትረፍ»። ወሲብ የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ ከከፈታችሁት ታዝናላችሁ። የቤተሰብ መጽሐፍ ነው።

ዳራውን ታስታውሱታላችሁ። ከ1984 መጨረሻ እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል በተደረገው የሙሴ ዘመቻ ሺዎች ወጡ፤ ነገሩ በዜና ሲወጣ ተቋረጠ። ባል እዚያ፣ ሚስት እዚህ፤ ልጅ እዚያ፣ እናት ጎንደር። ብዙው ደግሞ በመንገድና በሱዳን መጠለያ አለቀ። በግንቦት 1991 የሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ አነሳ። ዓለም አጨበጨበ። መጽሐፉ የሚጀምረው ጭብጨባው ሲያበቃ ነው፤ አውሮፕላኑ ያወረደው ሰው እንጂ ቤተሰብ አይደለም። ልጁ ዕብራይስጡን ቀድሞ ይለምድና ለአባቱ አስተርጓሚ ይሆናል፤ አባት በልጁ አፍ ሲናገር አባትነቱ ከየት ይመጣል? አገር ቤት የወር አበባዋ ሲመጣ ለብቻዋ የተሠራ ጎጆ የምትገባ ሴት፣ ፎቅ ላይ ባለ አፓርታማ የት ትሂድ? ባልስ ሚስቱ ያንን ጎጆ ስታጣ ርቀቱን በምን ይለካ? የማይነገረው የመኝታ ቤት ነገር እንዲህ በጓሮ በር፣ በመኖሪያ ቤት አሠራር በኩል ይገባል። እህቴ ክፍል «ወገቤን ያመኛል» ተብሎ እንደሚገባው።

መጽሐፉ እንከን አለው። ለእስራኤልና ለአሜሪካ አንባቢ ስለተጻፈ እኛን ለሌላ ሰው ሲያስተዋውቅ ነው የሚሰማኝ፤ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ደግሞ የሰዎቹ የራሳቸው ቃል ተፈትቶ፣ ተቀሽሮ፣ በእንግሊዝኛ ተሰጥቷልና አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰውየው «ገመናዬ ነው» ብሎ ይሆን? «ነውር ነው» ብሎ ይሆን? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነውር እንዳይደረግ የሚከለከል ነው፤ ገመና ቢደረግም እንዳይታይ የሚሸፈን ነው። በዚህ ሙያ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሰው ነውር የመሰለውን አይነግርህም፣ ገመናውን ግን ትሸፍንልኛለህ ብሎ ካመነ ይነግርሃል።

ቢሆንም ይህን መጽሐፍ ስታነቡ ከጻፉት አንዷ በአሥር ዓመቷ ባቡር ላይ እንደተጫነች አትርሱ። እሷም ድናለች። ድና ደግሞ ቤተሰብ አልነበራትም። ያድ ቫሼም በሚባለው የእየሩሳሌም መታሰቢያ የመረጃ ቋት ውስጥ አባቷ በአውሽቪትስ እንደተገደለ ሲመዘገብ፣ ከእናቷ ስም ጎን ያለው አንድ የጀርመን ቃል ነው፤ «ፈርሾለን»፣ የት እንደደረሰች ያልታወቀች። በእኔ ሙያ መረጃ የሌለው ሕዋስ «ነል» ይባላል፤ ዜሮም አይደለም፣ ባዶም አይደለም፣ «አናውቅም» ማለት ነው። በቀን ሺህ ጊዜ አየዋለሁ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ከእናቱ ስም ጎን ያንን እያየ ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የማያውቃቸው ሰዎች እኩለ ሌሊት ሲደውሉላት፣ ያ ሁሉ የጥያቄ ጎርፍ ሲመጣባት፣ አንዱንም ጥያቄ ሳትንቅ ለመመለስ የቸኮለችው ለምን እንደሆነ ከፊልሙ ቀልዶች ይልቅ ያ ቃል ነገረኝ።

በ2023 መገባደጃ፣ በ95 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ግዛት ገዥ የክብር «የብቸኝነት አምባሳደር» አድርጋ ሾመቻት። ሹመቱን ራሷ ነበር የጠየቀችው። ዜናውን ያኔ አንብቤ ስቄ ነበር፤ አሮጊቷ አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው ብዬ። በሐምሌ 2024 ማንሃተን ውስጥ ቤቷ አረፈች፣ 96 ሞልቷት።

ያን ቀን ሰበታ ፊልሙን አልጨረስነውም። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው የእህቴ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አየችና ድምፅ ሳታሰማ ነጠላዋን አንስታ ወደ ግቢ ወጣች። በመስኮቱ አያታለሁ፤ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «እህ… እህ…» ብቻ ትላለች። ልጆቿ እናታቸው ስልክ ይዛ ወደ ታንከሩ ስትሄድ ጨዋታቸውን ወደ ሌላው የግቢው ጥግ ይዘው ይሄዳሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። እኔ ቴሌቪዥኑን አቁሜ ጠበቅኳት። ዶክተር ሩት ማያ ገጹ ላይ አፏን ከፍታ ቀረች።

ተመልሳ ስትገባ ፊቷን አየሁት። «ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ ምን ሆንኩ?» አለችና ሪሞቱን ፈለገች።

«አይ፣ የምሬን ነው» አልኳት። «ስለ ደወለችው ሰው አይደለም የምጠይቅሽ።»

ሪሞቱን ይዛ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሥራዋ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ማውራት ጀመረች፤ የማንንም ስም ሳትጠራ፣ ስለ ራሷ ብቻ። ስትጨርስ ቡና ልታፈላ ተነሳች። እኔ አልተነሳሁም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።